የፊት መብራቴ ቢጫና ጭጋጋም ሆኗል፤ ሐረጎን በማታ መውጣት ከበደኝ

ቶሳ_ሥር
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለናንተ ይሁን ያገሬ ሰዎች። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የምነዳው ቪትዝ ነው። ጠዋት ስወርድ ችግር የለም፤ ጭንቁ ማታ በሐረጎ ዳገት ስመለስ ነው።

ትናንት ከኮምቦልቻ የተነሣሁት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ተኝቷል። አንዱን ጥምዝ ዞሬ ስወጣ እንጨት የጫነ አህያና ጋቢ የተከናነበ ሰው አፍንጫዬ ሥር ተገኙ። ፍሬን ያዝኩ፤ ተመስገን ቆመች፣ ማንም አልተነካም። ሰውየው ግን ወደ መስኮቴ ጠጋ ብሎ «ምናለ መብራት ብታበራ?» አለኝ። መብራቱ በርቶ ነበር። ያውም ረጅሙ።

ዛሬ ጠዋት ቆሜ በደንብ አየሁት። የላይኛው ግማሽ ቢጫ ነው፣ ወደ ታች እየነጣ ይሄዳል። በጥፍሬ ስጭረው ዱቄት የመሰለ ነገር ይለቃል። ውስጡ ያለው አምፖል ከነጭራሹ አይታይም። አምና ሰው ነግሮኝ በጥርስ ሳሙና ፈትጌው ነበር፤ ያን ቀን አበራ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ወደነበረበት ተመለሰ። አዲስ ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ ያለኝ ሰው ለጥንዱ የጠራው ዋጋ ከወር ደሞዜ ይበልጣል።

እቤት ሠርቶ ያዋጣለት ሰው አለ? የሚቆይ ነገር ነው የምፈልገው።

ባለ_ዶልፊን
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4:05

አብሽር ወንድሜ፣ በዚህ አትጨነቅ። አምፖሉን አውጣና ኤልኢዲ ግጠምበት። እኔ ለዶልፊኔ የዛሬ ወር ገጠምኩ፣ ሌሊቱ ቀን ሆኗል። መስታወቱን ተወው።

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 1:20

ባለ ዶልፊን፣ በቅን ልብ እንደተናገርክ አውቃለሁ። ግን ይሄ ምክር በተለይ ለሐረጎ አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ልንገራችሁ።

መስታወት እንላለን እንጂ የዘንድሮ መኪና የፊት መብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲጨናበስ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ይተውና በየአቅጣጫው ይበተናል። አምፖሉን ብታጠነክረው መንገዱ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ይጨምራል፣ የሚበተነው ግን ብዙ ይጨምራል። የተበተነው ደግሞ ግማሹ የመጪው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ጉሙን መትቶ ወደ ራስህ ይመለሳል። ቶሳ ሥር፣ ትናንት ረጅሙን አብርተህ ምንም ያላየኸው ለዚህ ነው። ጉም ውስጥ ሁልጊዜ አጭሩን አብራ፤ መብራትህ አዲስ ቢሆንም ያው ነው።

ሌላው፣ ያንተ መብራት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው። ከኋላ ያለው አንጸባራቂ ጎድጓዳ የተለካው የአምፖሉ የምትበራው ክር በምትቀመጥበት ነጥብ ነው። ኤልኢዲው ብርሃኑን የሚያወጣው ከሌላ ቦታ ስለሆነ የብርሃኑ ቅርጽ ይፈርሳል። «100 ዋት ግጠም» የሚሏችሁም አሉ። የተለመደው ኤች 4 አምፖል ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሙቀቱ ሶኬቱንና ፕላስቲኩን ይበላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቀለም ቀቢ ነኝ፣ 20 ዓመት አልፎኛል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያጸዳሁትን መብራት አልቆጠርኩትም። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ሞክርና ንገረኝ። መብራቱን እጠበውና እርጥብ እንዳለ እየው። ውሃው ሲያርፍበት ጥርት ብሎ አምፖሉ ከታየህ ጉዳቱ ከላይ ነው፣ ይድናል። ውሃ ነክቶትም ያው ጭጋግ ከሆነ ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ብትፈትገው ለውጥ አታይም።

ቶሳ_ሥር
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 2:15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከሥራ እንደገባሁ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። የቀኙ ወዲያው ጠራ፣ አምፖሉን አየሁት። የግራውም ጠራ፣ ግን ወደ ጥጉ አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ቀሩ። ውሃው ሲደርቅ ሁለቱም ተመልሰው ነጡ። ሚስቴ «ይኼማ አስማት ነው» ብላ ሦስቴ አስፈሰሰችኝ።

የቧንቧ_ውሃው
ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 2:50

እንኳን ደረስኩ። ማንም ቲነር እንዳትነካ! እኔ ኮሮላዬ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ሠራተኛ እያየሁት ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገው፣ እንደ ብርሌ ሆነ። ሒሳብ ከፍዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሳምንቱ ፕላስቲኩ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ገባ። በጥፍሬ ስዳስሰው ላዩ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቁ ያለው ውስጡ ነው። ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት ነገር የለም፣ አልወጣም። ሁለቱንም ጣልኳቸው።

የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ቀብተው የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም ስልክ ላይ ሞልተዋል። እሱም ያው ነው።

መምህርት_ሆጤ
ሐምሌ 16፣ ከቀኑ 6:30

ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። የቧንቧ ውሃው ያለው በትክክል የሚሆን ነገር ስለሆነ ምክንያቱን ልጨምርበት።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመን አገር ባየር ኩባንያ ውስጥ የተገኘ ነው። ጠጠር ሲመታው እንደ ብርጭቆ አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ እንደ ልብ ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ አምፖሉ ብቻውን የሚቀየር የፕላስቲክ መብራት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ወደሱ ዞረ። ሁለት ድክመት ግን አለው። ላዩ ለጭረት ለስላሳ ነው፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ሰንሰለቱን እየበጣጠሰ ያበልዘዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በላዩ ጠንካራ፣ ጨረር የሚከለክል ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ቶሳ ሥር፣ በጥፍርህ ስትጭር ዱቄት ሆኖ የለቀቀልህ ያ ሽፋን ነው። ዕድሜው አልቋል። የላይኛው ግማሽ የበለጠ መቢጨቱም ፀሐይዋን ፊት ለፊት የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ነው።

የኛ አገር ደግሞ ከፍታ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል እንጂ ደሴ ውጭ የሚያድር የሚውል መኪና ባሕር ዳርቻ ካለው የባሰ ጨረር ይወርድበታል።

ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያለሰልሱታል ወይም ያስጨንቁታል። ሲሠራ ውስጡ ታምቆ የቀረ ውጥረት ስላለ ፈሳሹ ሲገባበት ውጥረቱ በስንጥቅ ይፈታል። የትንኝ ቅባቱ ውስጥ ያለው ዲት የሚባለው ንጥረ ነገርም ላዩን ያሟሟዋል። ለጊዜው ጭረቱ ስለሚሞላ የጠራ ይመስላል፣ ከዚያ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል፣ ይባስ ብሎ ያጨናብሳል።

የጥርስ ሳሙናውም ለምን ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቆየ ከዚህ ይገባሃል። እሱ ደቃቅ መፋቂያ ነው፤ የሞተውን ሽፋን በከፊል ገፎ ፕላስቲኩን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተወው። ስለዚህ ማጥራቱ ግማሽ ሥራ ነው። ገፈህ ካላለበስክ የባሰ ይቢጫል።

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ሐምሌ 16፣ ከምሽቱ 1:45

መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ በእጄ የማውቀውን አንቺ ምክንያቱን ነገርሽኝ። ማልበሻው ክሊር ይባላል፤ እንደ ቀለም የሚረጭ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ነው፣ መርጨቱን እኛ መምታት እንላለን። ደንበኛ «አብለጭልጭልኝና ልሂድ፣ ክሊሩ ይቅርብኝ» ሲለኝ ሥራውን አልቀበልም። በሁለት ሦስት ወሩ ተመልሶ ስሜን ያጠፋልና።

ቶሳ ሥር፣ ውሃ ሲነካው ከጠራ ያንተ ይድናል። በግራው ጥግ የቀሩት የፀጉር መስመሮች ግን አይወጡም፤ ውስጥ የገቡ ስንጥቆች ናቸው። ጥግ ላይ ከሆኑ ብርሃኑን ብዙም አይጎዱም፣ እነሱን አባርራለሁ ብለህ ፕላስቲኩን አታሳሳው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

መኪናዋን እጠባት። አሸዋ ቀርቶ ብርጭቆ ወረቀቱ ሥር ከገባ የሚያወጣው ጭረት ከበሽታው ይብሳል። መብራቱን ማውረድ ከቻልክ አውርደው፤ ቪትዝ ላይ ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) ማላቀቅ ይጠይቃል፣ ግን ለክሊሩ ሲባል ያዋጣል። ካልወረደ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውንና ፓራውልቱን ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሁለት ድርብ ሸፍን።

ጥቁሩን፣ በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት ግዛ። ቁጥር 600፣ 800፣ 1000 እና 1500። በጣም የከፋ ከሆነ በ400 ይጀመራል፣ ያንተ ግን በ600 ይበቃዋል። ባልዲ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርግና ወረቀቱን አንድ 10 ደቂቃ ንከረው። በ600 ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ፈትግ። ጣትህን አታሹልበት፤ መዳፍህን ዘርግተህ ወይ ወረቀቱን ስፖንጅ ላይ ጠቅልለህ ሥራ፣ ያለዚያ ቦይ ቦይ ይሆናል። ውሃው አይለየው።

ዓይንህ የሚወርደው ውሃ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቢጫ ነው የሚወርደው፤ ያ የድሮው ሽፋን ነው። ቢጫው አልቆ ነጭ ወተት የመሰለ ሲወርድ ፕላስቲኩ ጋ ደርሰሃል። አሁን አድርቀህ እየው። እዚህም እዚያም እንደ ደሴት የሚያብረቀርቅ ቦታ ካየህ ሽፋኑ አልተገፈፈም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክንዱ ይዝልና ወደ 800 ያልፋል፤ በኋላ ክሊሩ ሲያርፍበት የደሴቱ ዳርቻ እንደ ካርታ ወጥቶ ይታያል። አንድ ዓይነት ብዥታ እስኪሆን በ600 ቆይ። ለአንዱ መብራት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብህ አይግረምህ።

ከዚያ 800ን ከላይ ወደ ታች፣ 1000ን እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ፣ 1500ን ከላይ ወደ ታች። አቅጣጫውን የምንቀያይረው ያለፈው ቁጥር ጭረት መጥፋቱን ለማየት ነው። በየመካከሉ በንጹህ ውሃ አለቅልቅ፣ የባልዲውንም ውሃ ቀይር።

ክሊር የምትመታበት ከሆነ 1500 ላይ ቁም። መብራቱ ነጭ ብዥታ ሆኖ ሲታይህ ትደነግጣለህ፤ አትደንግጥ፣ ክሊሩ እነዚያን ጥቃቅን ጭረቶች ይሞላቸዋል። እንዲያውም እስከ 3000 ሄደህ ኮምፓውንድ በሚባለው ማብለጭለጫ ቅባት አብለጭልጨኸው ክሊር ብትመታበት የሚይዝበት አጥቶ በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በንጹህ ጨርቅ ነክረህ ጥረገውና ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ እጅህ አይንካው። ክሊሩ ሃርድነር፣ ማለትም ማጠንከሪያ፣ ያለው መሆን አለበት። በሚረጭ ቆርቆሮ የሚመጣ አለ፤ ከታች ያለውን ቁልፍ ስትጫነው ሃርድነሩ ይቀላቀላል፣ ከተቀላቀለ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቀህ የመጀመሪያውን እጅ ጤዛ ያህል ብቻ ጣል አድርግ። መጀመሪያውኑ ካረጠብከው ክሊሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ራሱ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። 10 ደቂቃ ቆይተህ ሁለተኛ፣ ሌላ 10 ደቂቃ ቆይተህ ሦስተኛውን ሞላ አድርገህ ምታ። 24 ሰዓት ሳይሞላው አትንካው።

አሁን የምለውን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። የሕክምና ማስክም ሆነ የአቧራ ማስክ አያቆመውም። ባለ ማጣሪያ የቀለም ማስክ ያስፈልጋል፣ ውጭ አየር ላይ፣ ልጆች በሌሉበት። አብሮኝ ጀማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ዛሬ ክሊር በተመታበት ግቢ ማለፍ አይችልም፤ ደረቱ ይዘጋበታል። ማስክ ከሌለህ እቤት ፈትገህ ጨርስና ለመምታት ጋራዥ ውሰደው። ብዙም አያስወጣም። ጋራዡ የሌላ ሰው መኪና ክሊር የሚመታበትን ቀን ጠይቅ፤ መብራቶችህን አውርደህ ከሄድክ ከተረፈው ይመቱልሃል።

የኮሮላዋ_እመቤት
ሐምሌ 16፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ፣ ክሊሩን አሁን ማድረግ ለማልችል ሰውስ? ቦሎ ለማደስ በሚቀጥለው ሳምንት ልሄድ ነው፣ መብራቴ ደብዝዟል።

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ሐምሌ 16፣ ከምሽቱ 4:00

እህቴ፣ ደብዘዝ ብቻ ካለ በ1500 ጀምረሽ 2000 እና 3000 አስከትዪ፣ ከዚያ በኮምፓውንድና በጥጥ ጨርቅ ፈትጊው። ይበራል። በላዩ ጨረር የሚከላከል የመኪና ሰም ቀቢና በየወሩ ድገሚው። እሱ ጊዜ መግዣ ነው፤ ከክረምቱ በኋላ ክሊሩን ምቺው።

አይሱዙ_ሐይቅ
ሐምሌ 17፣ ከጠዋቱ 12:50

የኔ የድሮ አይሱዙ ነው፣ መብራቱ እውነተኛ ብርጭቆ ነው። ሐይቅና ደሴ ስመላለስ ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው የሚሆንብኝ። ይኼ ዘዴ ለኔም ይሠራል?

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ሐምሌ 17፣ ከቀኑ 7:10

አይሠራም፣ እንዳትሞክረው። ብርጭቆ በፀሐይ አይቢጭም፤ ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፍክበት ጨርሰህ ታበላሸዋለህ። ያንተ በሽታ ከኋላ ነው። አንጸባራቂው ብርማ ሽፋኑን ለቆ ጠቁሮ ይሆናል፣ ወይ ሽቦው ዝጎ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አንሷል። ሞተሩ እየሠራ አምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቱን አስለካ። ባትሪው ላይ ካለው በጣም ካነሰ ሽቦውንና የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን ቦታ አጽዳ።

ቶሳ_ሥር
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 2:00

ቅዳሜ ሠራሁት፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ፓራውልቱን ከጎረቤቴ ጋር አላቀቅን፣ መብራቶቹን አወረድናቸው። እበረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሚስቴ ውሃውን ታፈስልኛለች። የመጀመሪያው ውሃ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ወረደ። እጄ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር ቢጫ ሆነ። 20 ደቂቃ ሲሞላ ውሃው ነጣ፣ ጨረስኩ ብዬ ሳደርቀው ጋሼ ያሉት ደሴት ሁለት ቦታ ቁጭ ብሏል። አንዱ በላይኛው ጠርዝ ላይ፣ የእንጀራ ዓይን የመሰሉ ነጠብጣቦች ያሉበት። ተመልሼ እስኪጠፋ ፈተግሁት። ሁለቱን ለመጨረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደብኝ፤ ክንዴ እስከ ሰኞ ታመመ።

ማስክ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። የቀኙን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል መታሁት፣ ቆንጆ ሆነ። የግራውን ልጀምር ስል ዝናብ መጣ። አባራና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ገና እርጥብ እንዳለ መታሁት። ሲደርቅ በላዩ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ቀረ። ውሃ ባፈስበትም አይጠራም። አበላሸሁት ማለት ነው?

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ሐምሌ 25፣ ከምሽቱ 3:15

አልተበላሸም፣ አብሽር። እርጥበት ነው የገባው። ክሊሩ ሲደርቅ ላዩ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ በላዩ ጤዛ ሆኖ ያርፍና አብሮ ይታሰራል። የደሴ ክረምት ከዝናብ በኋላ ለክሊር አይሆንም። ሦስት ቀን ይድረቅ፣ በ1500 ነጩ እስኪጠፋ ቀስ ብለህ ፈትግ፤ ክሊሩን ብቻ ነው የምትነካው፣ ፕላስቲኩ ድረስ አትውረድ። ከዚያ ሥራ ስትመጣ ይዘኸው ና። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፤ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚመታው። እኔ ጋር ባይሆንም ማንኛውም ቀለም ቤት ይሠራልሃል።

ባለ_ዶልፊን
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 4:20

ስለ ኤልኢዲው የተናገርኩትን ልመልስ መጣሁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ረዳቴን መኪናዬን አስይዤ እኔ ከፊት ለፊት ቆሜ አየሁት። ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም። ስንቱን ሾፌር እንዲህ ሳደርገው እንደከረምኩ ሳስብ አዘንኩ። አውጥቼ የድሮውን መለስኩ፣ መብራቱንም በዚሁ መንገድ አስፈተግሁት።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከፈተግነው በኋላም አጭሩን አብርቼ መጪዎቹ ያበሩብኛል። ለምንድን ነው?

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 2:00

ወንድሜ፣ ሾፌር ሁሉ እንዳንተ ወርዶ ፊት ለፊት ቢያየው ጥሩ ነበር።

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ መብራቱ ሲፈታና ሲታሰር አቅጣጫው ይዛነፋል። ባዶ መኪናህን ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ አቁም። የአምፖሉን መሃል ከመሬት ለክተህ ያንኑ ቁመት ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከኋላ የምትዞር ብሎን አለች፣ በካቻቢቴ ትስተካከላለች።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። ግድግዳው ላይ ብርሃኑን በደንብ እይ። የአጭሩ ጠርዝ በአንድ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መውጣት ያለበት በቀኝ፣ ወደ እግረኛው ጎን ነው። መኪናው ከጃፓን መሪው በቀኝ ሆኖ መጥቶ እዚህ መሪው ወደ ግራ ከተገለበጠ ግን መብራቱ የጃፓኑ ስለሆነ ወደ ግራ ነው የሚወጣው፤ ግራ ደግሞ የመጪው ዓይን ያለበት ነው። መብራቱ ጭጋጋም እያለ ማንም አያስተውለውም። ሲጠራ ነው የሚታየው። መፍትሔው የቀኝ መንገድ መብራት ማስገባት ነው። እስከዚያ ዝቅ አድርገህ አስተካክለው።

ቶሳ_ሥር
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2:30

ጋሼ፣ ይኼን አንብቤ ግቢያችን ግድግዳ ላይ አበራሁት። የኔ ወደ ግራ ነው የሚወጣው! መሪዋ የተገለበጠ መሆኑን አውቅ ነበር፣ መብራቱን ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን 8 ሳንቲሜትር ዝቅ አደረግሁት። ትንሽ አጠረብኝ፣ ግን መጪዎቹ ማብራታቸውን ተዉ። የግራው መብራት ኮምቦልቻ በቀትር ተመትቶ ከቀኙ አይለይም።

መምህርት_ሆጤ
ነሐሴ 5፣ ከቀኑ 9:00

እንኳን ደስ ያለህ። ለሚጠራጠሩ አንድ ቁጥር ልተው። የአሜሪካው የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሙከራ፣ ክፉኛ የደበዘዘ መብራት የሚሰጠው ብርሃን የአዲሱን 20 በመቶ ያህል ነበር። ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ተመልሷል። አዲስ ማለት አይደለም፣ ግን በፊት ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ቶሳ_ሥር
ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 1:10

ከአምስት ወር በኋላ ነው የምጽፈው። በጥቅምት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆማ ስትውል ሰግቼ ነበር፤ እስካሁን ቢጫ የለም። ዛሬ ጠዋት ስጠርገው ግን የቀኙ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጠጠር የመታው ቦታ አየሁ። የምስር ፍሬ ታክላለች፣ ክሊሩ ተነሥቶ ነጭ ነጥብ ሆኗል። ከዚያ ተነሥቶ ይላጥ ይሆን?

ቀለም_ከኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 2:40

ጥፍርህን ጠርዟ ላይ አሳርፍና ጎትት። ካልተነሣች አትነካካት። ከተነሣች የተነሣውን ብቻ በ1500 ዙሪያዋን አለስልስና በእንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ ክሊር ጣልባት። በቀትር ይሁን። ፓራውልቱን መፍታት አያስፈልግህም።